የሜዳ ዳር ለቀስተኞች

ልጅቷ ስልኩን የዘጋች መስሏት ነበር። ንዋይ አመስግኗት ከተሰናበተ በኋላ፣ መነጽሩን ስላላደረገ የመዝጊያውን ቀይ ምልክት በጣቱ እየፈለገ ሳለ ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ሰማ። ቀጥሎ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ እንደ ቅድሙ የተለሳለሰ አልነበረም። «የሟቿ አባት ነው» አለች አጠገቧ ላለ ሰው። «ዘንድሮ ስንት ሰው ይመጣል አይለኝም? ማን ሊመጣ! ለራሳችን ጨዋታ እንኳ ሰው አይመጣም። ቡድኑ ውስጥ እሷን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም እኮ።» ሌላዋ የማይሰማ ነገር አለች። «እሱማ፤ የዘንድሮው ይለፍና እንተወዋለን» ስትል ንዋይ ምልክቱን አገኘውና ተጫነው። የሰው ነገር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

ክፉ ልጅ ብትሆን ይቀለው ነበር። ሻርሎት ግን ክፉ አይደለችም፤ የኮሌጁ የሴቶች ሆኪ ቡድን አምበል ናት፣ በየዓመቱ እንደሚቀያየሩት አምበሎች ሁሉ ትሑት ናት፣ ያለችውም እውነት ነው። ሶልያና፣ የንዋይና የአልታየሽ አንድ ልጅ፣ የዚያ ቡድን በረኛ ነበረች። በሃያ ዓመቷ፣ በአንድ የፌብሩዋሪ ረቡዕ፣ ልምምድ ላይ እንደቆመች ወደቀች። ሐኪሞቹ ልቧ ስትወለድም ጤነኛ እንዳልነበረ ነገሯቸው። በዓመቱ ጓደኞቿ በስሟ ጨዋታ አዘጋጁ፤ ተማሪዎቹ ከተመረቁት ጋር የሚጋጠሙበት። የዚያን ጊዜ የሜዳው አጥር ዙሪያውን ሰው ነበር። የወንዶቹ ቡድን ከበሮ ይዞ መጥቷል፣ መምህራን መጥተዋል፣ ከዚያ በፊት ሆኪ አይተው የማያውቁ የክፍሏ ልጆች ሳይቀሩ መጥተዋል፤ አልታየሽ የያዘችው ሳምቡሳ ለግማሹ ሰው እንኳ ሳይዳረስ አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ሳምቡሳው በቃ። ከዚያ ወዲህ ይተርፍ ጀመር። የተመረቁት አንዷ ማንቸስተር ሥራ አገኘች፣ አንዷ አውስትራሊያ ሄደች፣ ሌሎቹ አገቡ፣ ወለዱ፣ ደከማቸው። አዲሶቹ ተማሪዎች ደግሞ በሶልያና ብቻ አልጨከኑም፤ የማንንም ጨዋታ አያዩም። ሜዳው ከከተማ ውጭ ነው፣ የባቡሩ ዋጋ ተሰቅሏል፣ የኪራይ ቤታቸውን ለመክፈል ቅዳሜና እሑድ ካፌ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ የቀሩትም ውጤቱን አልጋቸው ላይ ሆነው በስልካቸው ያዩታል። አምና ንዋይ በሜዳው ዳር የቆመውን ሰው በዓይኑ ቃኘና ከውሻ አዟዟሪዎቹ በቀር እሱና ሚስቱ ብቻ ሆኑበት።

ስልኩ ላይ የሰማውን ለአልታየሽ አልነገራትም። እንዴት ብሎ ይነግራታል? ሁለት ሌሊት ሲገላበጥ ካደረ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሃርልስደን የሚባለው ሰፈር ሄደ፤ የድሮ የሚኒካብ ታክሲ ባልደረባው ልጅ ዐብዱ ስልክ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ገባ፣ ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀና ጉዳዩን አስረዳው። ቅዳሜ ጥቂት ወጣቶች ይዘህ ና፤ ባቡሩን እኔ እከፍላለሁ፤ ሜዳው ዳር መቆም ብቻ ነው።

«ጋሽ ንዋይ፣ እኔ ሆኪ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለው ዐብዱ።

«ማወቅ አያስፈልግህም።»

«ምን ብለን ነው የምንቆመው?»

«ምንም አትሉም። እናቷ ስታያችሁ ጓደኞቿ ትመስላላችሁ፤ በቃ።»

ዐብዱ በእጁ የያዘውን ትንሽ መፍቻ አስቀመጠ። «አልቃሽ ሊቀጥሩ ነው በሉኛ» አለ። ሊያስቀው ፈልጎ ነበር። የንዋይን ፊት ሲያይ ግን ቶሎ ብሎ፣ «ሶሪ ጋሼ፤ እመጣለሁ። ሰውም አመጣለሁ። ባቡሩን ደግሞ እርስዎ አይከፍሉም» አለው። ንዋይ ከሱቁ ወጥቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። አገር ቤት ለለቅሶ ሰው አይጠራም፤ የሰማ ሁሉ ይመጣል፣ ያልሰማው ለምን አልተነገረኝም ብሎ ይቀየማል። ለልጁ መታሰቢያ ሰው የለመነ አባት ከዚህ በፊት ሰምቶ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ፤ አልሰማም።

ቅዳሜ ጠዋት ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ያለው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የተከራዩት ቤታቸው ዘይት ዘይት ይሸታል። አልታየሽ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሳምቡሳ ስትጠብስ ነበር፤ የምስር ነው፣ ተማሪዎቹ ውስጥ ሥጋ የማይበሉ ስላሉ። ከቱርኩ ሱቅ የገዛችው ምስር ዘንድሮ በግማሽ ፓውንድ ጨምሯል ብላ ትናንት አጉረምርማ ነበር፤ ቢሆንም እንደ መጀመሪያው ዓመት ነው የሠራችው፤ ሁለት ትልልቅ ሳህኖች በፎይል ተጠቅልለው፣ ሦስተኛው ገና ወረቀት ላይ ዘይቱን እያንጠፈጠፈ። ንዋይ ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል አላላትም። ሻዩን ቆሞ ጠጣ። የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ታፍኖ ከታች የሚያልፉት አውቶቡሶች ቀይ ጥላ ብቻ ሆነው ይታያሉ። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው የልጃቸው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልብስ ማስጫውና መተኮሻው እዚያ ናቸው፣ አልታየሽ የትምህርት ቤት ኩሽና ዩኒፎርሟን የምትተኩሰው እዚያ ነው፤ እሱ ግን አንድ ነገር እንዲያመጣ ካልተላከ አይገባም፣ ሲላክም ቶሎ ይወጣል።

«ካፖርትህን ወፍራሙን ልበስ» አለችው።

«ዝናብ አለ እንዴ?»

«ነፋስ አለ።»

እስከ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ድረስ ያወሩት ይህንኑ ነው። ከዋተርሉ በተሳፈሩበት ባቡር ላይ አልታየሽ ሳህኖቹን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ የኋላ ጓሮዎቹን ስታይ ነበር፤ የልጆች ጅዋጅዌ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ክረምቱ ያጠቆረው ሣር። ንዋይ ጎን ለጎኗ ተቀምጦ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። ዐብዱ «ኦን ዘ ዌይ ጋሼ» ብሎ ልኮለታል። ሚስቱ ደስ ይላታል ብሎ ያስባል፤ ቀጥሎ ደግሞ ብታውቅስ ብሎ ያስባል፤ ቀጥሎ ሻርሎት ያለችው ይመጣበታል፣ እሷን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ሜዳው ከባቡር ጣቢያው ጥቂት መንገድ ሄዶ ከመኖሪያ ቤቶች ጀርባ ነው፤ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ በአንድ በኩል ሻይ የሚሸጥበት አዳራሽ። ሶልያና መጀመሪያ ያንን ቆልማማ ዱላ ቤት ያመጣች ቀን አልታየሽ አገላብጣ አይታው፣ «ይሄማ ገና ነው! ለገና ጨዋታ ነው ይህን ሁሉ ብር የሚያስከፍሉሽ?» ብላ ነበር፤ ንዋይም ልጅ እያለ ሩር ሲለጋ የእግሩን አውራ ጣት እንዴት እንደሰበረ ተርኮላቸው፣ ልጅቷ ሳታምነው ቀርታ ነበር። አዳራሹ ሲገቡ ንዋይ እንደ ልማዱ ከበሩ በስተቀኝ ወዳለው ግድግዳ ዞሮ አየ። የልጁ ፎቶ ከቦታው የለም። በምትኩ ማስታወቂያ የሚያሽከረክር ስክሪን ተሰቅሏል። ፎቶውን ያገኘው ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን ነው። አልታየሽ ከኋላው መጥታ እሷም አየችው። ብርጭቆውን በእጅጌዋ ጥርግ አደረገችና ሳህኖቹን ለማስቀመጥ ተመለሰች።

ከተመረቁት መካከል የመጡት አራት ነበሩ። ንዋይ በስም የሚያውቃት ኬት ብቻ ናት፤ የሶልያና የክፍል ተጋሪ የነበረች፣ አሁን ሕፃን በጋሪ የምትገፋ። አልታየሽን አቅፋ ለረጅም ጊዜ ቆየች፣ ሌሎቹ ሰላምታ እንደላኩ፣ መምጣት እንደፈለጉ፣ ግን አንዷን አንድ ነገር፣ ሌላዋን ሌላ ነገር እንደያዛቸው ነገረቻት፤ ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ እሷም ብዙ እንደማትቆይ ጨመረች። ተማሪዎቹም ከአሥር አይበልጡም። ሁለት ሙሉ ቡድን ስላልወጣቸው ሻርሎት በእጇ የያዘችውን ወረቀት ደጋግማ እያየች፣ በግማሽ ሜዳ፣ በአንድ ጎል ብቻ እንዲጫወቱ ወሰነች። በረኛዋም አንዲት ናት። ንዋይ ይህን ሁሉ እያየ ሳለ የሽቦው በር ተከፈተና እነዐብዱ ገቡ።

ከደርዘን ያላነሱ ናቸው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ወንዶቹ ካልሲያቸው ሳይቀር ጥቁር ነው፤ እጃቸውን ከፊት አነባብረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የለቅሶ ድንኳን እንደሚገባ ሰው ተከታትለው መጡ። ከመካከላቸው ኂሩት የምትባለው፣ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግሥት ከእናቷ ጋር በልጅነቷ የመጣች፣ አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ፣ ካፖርቷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ንዋይ ነጠላውን አውልቂ ብሎ በዓይኑ ጠቀሳት፤ ሰላምታ መስሏት ይበልጥ ጎንበስ አለችለት። አልታየሽ ዞር ብላ አየቻቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ንዋይ ዞረች፤ እሱ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ።

«እንዴት ያለ ሰው መጣ!» አለች ሻርሎት በእንግሊዝኛ፣ እውነት ተገርማ። «በዚህ ዓመት ለየትኛውም ጨዋታችን እንዲህ ያለ ሰው አላየንም።»

ለሶልያና የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ሻርሎት ስሙን አሳስታ «ሶሊያኒያ» ብላ ጠራችው፣ ማንም አላረማትም። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ውሻ ይጮኻል። ንዋይ ያቺን ደቂቃ በየዓመቱ ይፈራታል፤ ዘንድሮ ግን ከጎኑ የተሰለፉት፣ ልጁን የማያውቁት ወጣቶች እውነት ያዘኑ መሆናቸውን አይቶ ከወትሮው የበለጠ ፈራ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ። ኳሷ የጎሉን የታችኛውን ጣውላ ስትመታ ቋ! ብላ ባዶው ሜዳ ላይ ታስተጋባለች። አልታየሽ እንደ ሁልጊዜው ከጎሉ ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ለምን እዚያ እንደምትቆም ንዋይ ያውቃል፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። በረኛዋ ከእግር ጥፍሯ እስከ አንገቷ በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍናለች፣ ራሷ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው ቁር አጥልቃለች። ፊት የላትም። ቁመቷ የልጁን ያህል ነው፣ ስትጠብቅ ጉልበቷን ትሰብራለች፣ ኳስ ሲመጣ ክንዷን ትዘረጋለች። ከዚያ ውስጥ ማንም ሊኖር ይችላል። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ማንም ሊሆን ይችላል። ንዋይ በየዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዕቃ አመጣለሁ ብሎ ወደ አዳራሹ ይሄዳል፤ ቁሩ ሲወልቅ ማየት አይሆንለትም።

ኂሩት በቅንነት ተነሣሥታ ወደ አልታየሽ ተጠጋች። ንዋይ ሊያስቆማት ሲራመድ ዘገየ።

«ልጄን ታውቂያት ነበር?» አለቻት አልታየሽ፣ ዓይኗን ከጎሉ ሳትነቅል።

ኂሩት ወደ ንዋይ አየች። ንዋይ ምንም ምልክት አልሰጣትም፤ መስጠት አልቻለም። «አዎ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ትንሽ። አንድ ቀን፣ በረዶ ነበር፣ እጄ ሲደርቅ አይታ ጓንቷን አውልቃ ሰጠችኝ።»

«ጓንቷን?»

«አዎ። መልሺልኝም አላለችኝ።»

አልታየሽ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሌላስ?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሊቆም አልቻለም። ኂሩት እናቲቱ ደስ እንዳላት ስታይ ጨመረች፤ ሶልያና በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ቀድማ እንደምትገኝ፣ ድምፅዋ መልካም እንደነበር። ሌላ ልጅ ተጠጋና የሂሳብ ትምህርት እንዳስጠናችው ተናገረ። ዐብዱ እንኳ፣ አንደበቱ እየተያዘ፣ አውቶቡስ ላይ ስትስቅ ሾፌሩ ዞሮ እስኪያይ ነበር አለ። አልታየሽ ለእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች። ነፋሱ የነጠላውን ጫፍ ያርገበግባል፣ ኳሷ ቋ ትላለች፣ ንዋይ ሁለት እርምጃ ርቆ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ እፎይ ብሎ ነበር። ቆይቶ ግን የሆነ ብርድ ከታች ወደ ላይ ይወጣበት ጀመር። ልጆቹ በየቃሉ አንዲት ልጅ እየሠሩ ነበር፤ ለጋስ፣ ዘማሪ፣ ሳቂታ፣ ለሁሉ የምትደርስ፣ እንከን የሌላት። ያቺ ልጅ እያደገች እያደገች ሄዳ አጥሩን ተደግፋ የቆመች፣ ፈገግ ብላ የምታየው መሰለው። አላወቃትም። የራሱን ልጅ ፊት ለማምጣት ሞከረ፣ አልመጣለት አለ፤ ድምፅዋን ሞከረ፣ የሚሰማው የኂሩት ድምፅ ሆነ። አንድ ጊዜ የሞተችበት ልጅ፣ እሱ ራሱ ባመጣቸው ሰዎች አፍ፣ ዓይኑ እያየ ሁለተኛ ስትጠፋበት ጮኾ ተዉ ለማለት አፉን ከፈተ። ከአፉ ነፋስ ብቻ ወጣ።

ፊሽካው ሲነፋ ወደ አዳራሹ መሄድ ረስቶ እዚያው ቆሞ ነበር። በረኛዋ ወደ አጥሩ መጣች፣ ቁሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ፊቷ ቀላ ያለ፣ ጠጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ፣ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ ያለባት እንግሊዛዊት ናት። ንዋይ የአጥሩን ሽቦ ያዘ። አልታየሽ ግን እንዲህ ያለውን ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ስታየው ኖራለች፤ ለልጅቷ «ጎበዝ፣ ደህና ጠበቅሽ» አለቻትና ሳምቡሳ እንድትበላ ወደ አዳራሹ ላከቻት።

አዳራሹ ውስጥ ሞቅ ብሎ ነበር። የዐብዱ ጓደኞች ከተማሪዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይበላሉ፣ አንዱ የሆኪ ዱላ ይዞ አያያዙን እያስተማሩት ይሳሳቃሉ። ሻርሎት አንድ ፓውንድ ከሃምሳ የሚሸጠውን ሻይ በነጻ ቀድታ ለንዋይና ለአልታየሽ አመጣችላቸው፤ ፊቷ በርቷል። «እውነቱን ልንገራችሁ» አለች፣ «ዘንድሮ የመጨረሻ ይሁን ብለን ነበር። ሰው የሚመጣ አልመሰለንም፤ እኛም አዲስ ነን፣ አናውቃትም። ግን ዛሬ ይህን ሁሉ ጓደኛ ሳይ አፈርኩ። አንተወውም። በየዓመቱ እናደርገዋለን። እነሱም በየዓመቱ ቢመጡ...» ብላ ወደ ወጣቶቹ ጠቆመች።

የፈለገው ሆኖለታል። ንዋይ ጽዋውን እንደያዘ፣ በየዓመቱ ዐብዱ ሱቅ ሲሄድ፣ በየዓመቱ ጥቁር የለበሱ ልጆች ሲሰለፉ፣ ያቺ የማያውቃት ልጅ በየዓመቱ ስታድግ ታየው። ምን ብሎ እንደሚመልስ ሳያውቅ «እኛ...» ሲል አልታየሽ ቀደመችው። እንግሊዝኛዋን ስትናገር ቀስ ትላለች፣ ቃላቱን እንደ ምስር ነው የምትለቅማቸው።

«አይሆንም» አለች። «አመሰግናለሁ ልጄ። ግን ይበቃል። በእኛ አገር ሙት በሰባት ዓመቱ ይሸኛል። የመጨረሻው ተዝካር እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው አያስቸግሩም። ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው።»

ሻርሎት ዓይኗ እንባ ሞላ። እኛ እኮ አልተቸገርንም አለች፣ ቀድሞ የሰለቸውን ነገር የተከለከለ ሰው እንደሚሆነው ሁሉ እየተጣደፈች። አልታየሽ ጉንጯን ዳበሰቻትና፣ ፎቶውን ይዛ ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀች። ከእሳት ማጥፊያው ጎን የነበረውን ሚስማር ባዶ ትተው ወጡ።

ጣቢያው ላይ ወጣቶቹ ፕላትፎርሙ ጫፍ ሄደው ሲንጫጩ፣ ባልና ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፎቶው በካፖርቷ ተጠቅልሎ በመካከላቸው ነው። ንዋይ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ከማን ጋር ተማክረሽ ነው? ሰባት ዓመቷን ማለቴ።»

«ከአባ ጋር። ነገ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ይደረግላታል። ማታ ልነግርህ ነበር።» ቀጥላም፣ «እነዚህን ልጆች ከየት አመጣሃቸው?» አለችው።

«ከ... ታውቂ ነበር?»

«ንዋይ፣ ልጄ ጓንቷን ለሰው ትሰጣለች? ለእኔ እንኳ ስትሰጠኝ አይተሃል? ወር ሙሉ የምታኮርፈን ካልሲዋን ነካችሁ ብላ አልነበር? ቤተ ክርስቲያንስ ከሁሉ ቀድማ!» የሳቅ ዓይነት ነገር ካፍንጫዋ ወጣ። «ተጎትታ ነበር የምትሄደው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሻቸው? ልጅቷን ጭራሽ ጨምሪ ጨምሪ እያልሽ...»

አልታየሽ ወደ ሐዲዱ ተመለከተች።

«ስሟን ሲጠሩት ልስማ ብዬ ነው» አለች። «ውሸትም ቢሆን። አንተ ጠርተኸው አታውቅም። ቀባሪዎች ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ቀን ሶልያና ስትል ሰምቼህ አላውቅም። እኔ ልጠራት ስል ትነሣለህ፣ ቧንቧ ትከፍታለህ፣ መኪናዋን ላያት ነው ትላለህ። እዚያ ሜዳ ለኳሱ ነው የምመጣው? ያቺ ፈረንጅ አጣማም ብትጠራው እንኳ ትጠራዋለች።»

ንዋይ ሊከራከር ፈለገ። አንቺን እንዳላሳዝን ነው ሊል ነበር፤ እውነቱም እንዲያ እንደሆነ ለዓመታት አምኖ ነበር። አሁን አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ጣዕም አጣበት። ባቡሩ መምጣቱ በማጉያው ተነገረ። ዐብዱ ከፕላትፎርሙ ጫፍ እጁን አወዛወዘላቸው።

«አንድ ቀን» አለ ንዋይ፣ «አንድ ቀን ሶልያና...» ቆመ። ስሙ ከጉሮሮው ሲወጣ የሆነ ቦታ ልጦት ነው የወጣው። እንደገና ጀመረ። «ሶልያና ስድስት ጎል ገብቶባት ነበር። ስድስት! ልወስዳት በሚኒካቡ መጣሁ። ያንን ሁሉ ስፖንጅ አላወልቅም አለች፣ እግሯ በሩ አላስገባት አለ። ገፍቼ አስገባኋት። ከፊት ጎኔ አትቀመጥም፣ ከኋላ ሄዳ እንደ ደንበኛ ተቀመጠች፣ ያን ቁር እንደደፋች።»

«ይህን አልነገርከኝም።»

«መስተዋቱ ውስጥ አያታለሁ፣ ፍርግርጉ ብቻ ነው የሚታየኝ። የት ልውሰድዎት እመቤት? አልኳት፣ ላስቃት። ምን አለችኝ መሰለሽ?»

ባቡሩ ደርሶ በሩ ተከፈተ። ወጣቶቹ እየተጋፉ ገቡ። ኂሩት በሩን በክንዷ ይዛ «እትዬ! ጋሼ! ኑ እንጂ!» ብላ ተጣራች። አልታየሽ እጇን አንሥታ፣ ሂዱ፣ እኛ በሚቀጥለው እንመጣለን የሚል ምልክት ሰጠቻት። በሩ ተዘጋ።

«ዝም ብለህ ንዳው! አለችኝ» አለ ንዋይ። «አባቷን! ዝም ብለህ ንዳው! እኔም በገዛ መኪናዬ፣ እሺ እመቤቴ ብዬ፣ እስከ ኬንቲሽ ታውን ነዳሁላት። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ...» ፊቱ ርሷል፤ አልጠረገውም። ከባቡሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ ባቡሩ ርቆ ሄዶ ፕላትፎርሙ ጭር ካለም በኋላ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።